ግሬስ ሆፐር፤ ኮምፒዩተርን ያስተማረች የሒሳብ መምህርት

ግሬስ ብሩስተር መሬይ ዲሴምበር 9 ቀን 1906 በኒው ዮርክ ከተማ ተወለደች። በዚህ ታሪክ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። አባቷ ዋልተር መሬይ በኢንሹራንስ ሥራ የሚተዳደር ሰው ነበር። እናቷ ሜሪ ቫን ሆርን በልጅነቷ ሒሳብ አጥብቃ ትወድ ነበር፤ ሆኖም በዚያን ዘመን ከፍ ያለ የሒሳብ ትምህርት ለሴት ልጅ ምን ያደርግላታል ይባል ስለነበር ፍላጎቷ ከግቡ ሳይደርስ ቀረ። አባትዬው በደም ሥር ሕመም ምክንያት ሁለት እግሮቹን አጥቷል። ስለሆነም እርሱ ቢታጣ ሴቶች ልጆቹ በሰው እጅ እንዳይወድቁ፣ ከወንድማቸው እኩል ተምረው ራሳቸውን እንዲችሉ አጥብቆ ይፈልግ ነበር።

ግሬስ ከሦስት ልጆች የመጀመሪያዋ ናት። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች የደወል ሰዓት እንዴት እንደሚጮህ ለማወቅ ፈልጋ በቤታቸው ከነበሩት ሰዓቶች አንዱን ፈታችው። ጥርሶቹና ሞላዎቹ ተበታተኑ፤ መልሳ ልትገጥመው ግን አልቻለችም። የመጀመሪያው እንዴት እንደነበረ ከሌላው ልይ ብላ ሁለተኛውን ፈታች። እንዲህ እያለች ሰባት ሰዓቶች ከፈታታች በኋላ እናቷ ደረሰችባት። ከዚያ ወዲያ መፍታት የተፈቀደላት አንዱን ሰዓት ብቻ ሆነ። ይህች ልጅ ካደገች በኋላ ስሟ የተጠራበት ሥራ የተበታተኑ ብልቶችን በትክክለኛው ቦታቸው የመግጠም ሥራ መሆኑን ስናስታውስ፣ የሰዓቶቹ ነገር ከተራ የልጅ ጨዋታ ከፍ ብሎ ይታያል።

በ16 ዓመቷ ቫሳር ወደሚባለው የሴቶች ኮሌጅ ለመግባት ብትፈተን በላቲን ቋንቋ ውጤቷ ዝቅተኛ ስለሆነ ሳትቀበል ቀረች። አንድ ዓመት አጥንታ በሚቀጥለው ዓመት ገባች። በ1928 በሒሳብና በፊዚክስ ተመረቀች፤ ከዚያም በዬል ዩኒቨርሲቲ በ1930 የማስተርስ፣ በ1934 የዶክትሬት ማዕርግ በሒሳብ ተቀበለች። በ1930 ቪንሰንት ሆፐር የሚባል መምህር አገባች። ትዳሩ በ1945 ቢፈርስም ስሙ ከእርስዋ ጋር ቀረ፤ ዓለም የሚያውቃት በዚሁ ስም ነው።

ከ1931 ጀምሮ በቫሳር ሒሳብ ታስተምር ነበር። የአስተማሪነት ዘዴዋ ለየት ያለ ነበር። የይሆናል ስሌት በምታስተምርበት ጊዜ ተማሪዎቹ ስለ አንድ የሒሳብ ቀመር ድርሰት እንዲጽፉ ታዝዛቸው ነበር። ተማሪዎቹ እኛ የተመዘገብነው ለሒሳብ እንጂ ለቋንቋ አይደለም እያሉ ያጉረመርሙ ነበር። እርስዋ ግን ያወቁትን ለሌላ ሰው በግልጽ ማስረዳት ካልቻሉ ሒሳብ መማራቸው ከንቱ መሆኑን ትነግራቸው ነበር። በሒሳብና በቋንቋ መካከል ግንብ አለ ብላ አታምንም ነበር፤ ይህ እምነቷ በኋላ ብዙ ሰው ያስቀየመ፣ ብዙ ሥራም የሠራ እምነት ነው።

በዲሴምበር 1941 አሜሪካ ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ ሆፐር የባሕር ኃይል ወታደር ለመሆን ቆረጠች። በመንገዷ ላይ ሦስት እንቅፋቶች ነበሩ። አንደኛ ዕድሜዋ ከተወሰነው በላይ ነበር። ሁለተኛ ሰውነቷ ቀጭን በመሆኑ ክብደቷ 48 ኪሎ ግራም እንኳ አይሞላም፤ ይህም ከሚፈለገው በታች ነው። ሦስተኛ የሒሳብ መምህራን ሥራ ለጦርነቱ አስፈላጊ ነው ተብሎ ስለታመነ ከሥራቸው መልቀቅ አይፈቀድላቸውም ነበር። እርስዋ ግን ለእያንዳንዱ ልዩ ፈቃድ እየጠየቀች በዲሴምበር 1943 የባሕር ኃይሉ የሴቶች ተጠባባቂ ክፍል አባል ሆነች። ከብዙ ዓመት ከሚያንሷት ወጣቶች ጋር ሠልጥና በ1944 ከክፍሏ አንደኛ ወጥታ ተመረቀች።

የተመደበችው ግን በመርከብ ላይ አልነበረም። በጁላይ 1944 ወደ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተላከች። በዚያ በአንድ ምድር ቤት ውስጥ ማርክ አንድ የሚባል የሒሳብ መኪና ነበር። ርዝመቱ ከ15 ሜትር በላይ፣ ቁመቱ 2.4 ሜትር ያህል፣ ክብደቱ ከ4 ቶን በላይ ሲሆን፣ በውስጡ የተዘረጋው ሽቦ ቢቀጣጠል ወደ 800 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በአንድ ሰኮንድ ሦስት ያህል ድምሮችን ይደምራል፤ አንድ ማባዛት ግን እስከ 6 ሰኮንድ ይፈጅበታል። ዛሬ በኪስ ከሚያዝ ስልክ ጋር ሲነጻጸር እንደ ኤሊ ቢመስልም በዘመኑ ድንቅ መሣሪያ ነበር። የመኪናው ፈልሳፊና የክፍሉ አዛዥ ሃዋርድ ኤይከን ይባል ነበር። ቁጡና አስቸጋሪ ሰው ነው። ሆፐር ገና እንደ ደረሰች የት ቆየሽ ብሎ ከተቆጣት በኋላ ለሳምንት የማይሞላ ጊዜ ሰጥቶ ከባድ የስሌት ሥራ አሸከማት። ከዚያ ቀን በፊት ኮምፒዩተር አይታ አታውቅም። መኪናውን የሚገልጽ መጽሐፍም አልነበረም፤ በኋላ በ1946 ከ500 ገጽ በላይ ያለውን የአሠራር መምሪያ ለማዘጋጀት የታዘዘችው ራሷ ናት።

ማርክ አንድ ትእዛዝ የሚቀበለው በተበሳ የወረቀት ጥብጣብ ነበር። እያንዳንዱ እርምጃ በቁጥር ይተረጎማል፤ ቁጥሩ በወረቀቱ ላይ በቀዳዳ ይመታል፤ መኪናውም ቀዳዳዎቹን እያነበበ ይሠራል። አንዲት ቀዳዳ ብትዛነፍ ውጤቱ ሁሉ ይበላሻል። የክፍሉ ሠራተኞች ሌሊትና ቀን እየተፈራረቁ ለመድፎችና ለመርከቦች የሚያገለግሉ ሰንጠረዦችን ያሰሉ ነበር። በ1944 ጆን ፎን ኖይማን የሚባለው ስመ ጥር ሊቅ አንድ ችግር ይዞ መጣ፤ ሆፐርና ባልደረባዋ ሪቻርድ ብሎክ ለምን እንደሚውል ሳይነገራቸው አብረውት ሠሩ። ስሌቱ በኦገስት 1945 ናጋሳኪ ላይ ለተጣለው የአቶሚክ ቦምብ ዓይነት የተሠራ መሆኑን ያወቁት በኋላ ነው። ቁጥር ለማን እንደሚሠራ አይናገርም።

በዚያ ምድር ቤት ውስጥ የተፈጠረ አንድ ልማድ ለኋላው ታሪክ መሠረት ሆነ። ሆፐርና ብሎክ ተሞክሮ ትክክል ሆኖ የተገኘውን እያንዳንዱን የፕሮግራም ክፍል በደብተር ይመዘግቡት ነበር። አዲስ ሥራ በመጣ ቁጥር ከዜሮ ከመነሣት ይልቅ የሚፈልጉትን ክፍል አንዱ ከሌላው ደብተር ይገለብጠዋል። ዘዴው ጊዜ ቢቆጥብም ሁለት ክፉ ጠንቆች ነበሩበት።

አንደኛው የግልበጣ ስሕተት ነው። የብራና መጻሕፍትን የሚገለብጡ የአገራችን ቁም ጸሐፊዎች እንኳ የቱን ያህል ቢጠነቀቁ ፊደል መግደፋቸው ወይም መሥመር መዝለላቸው አልቀረም። በኮምፒዩተር ሥራም እንደዚሁ ነበር። ቢ የምትባለው የላቲን ፊደል በሚቀጥለው ገልባጭ እጅ 13 ሆና ትገኛለች፤ የሦስት ማዕዘን ምልክት ደግሞ 4 ይሆናል። ልዩነቱ ግን እዚህ ላይ ነው፤ መጽሐፍ አንባቢ የተገደፈውን ፊደል በልቡ ያርመዋል፣ መኪና ግን አያርምም።

ሁለተኛው የድምር ስሕተት ነው። አንድ ጸሐፊ ከሌላ መጽሐፍ አንድ ምዕራፍ ገንጥሎ በራሱ መጽሐፍ 200ኛ ገጽ ላይ ቢያስገባ፣ በምዕራፉ ውስጥ ገጽ 3ን ተመልከት የሚለው ሁሉ ገጽ 203ን ተመልከት ተብሎ መታረም አለበት። ፕሮግራምም እንዲሁ ነው። እያንዳንዱ ክፍል የተጻፈው ከዜሮ እንደሚጀምር ተደርጎ ስለሆነ፣ ወደ አዲስ ቦታ ሲዛወር አድራሻዎቹ በሙሉ ተደምረው መስተካከል አለባቸው። ሆፐር በዓመታት ልምድ የደረሰችበት መደምደሚያ ፕሮግራም ሠሪዎች በደንብ መገልበጥ እንደማይችሉ፣ መደመርም እንደማይሆንላቸው ነው። መገልበጥና መደመር ደግሞ ኮምፒዩተር ከማንም በላይ የሚችላቸው ሥራዎች ናቸው።

በሃርቫርድ ከሠራችው ሁሉ ይልቅ በሕዝብ ዘንድ የታወቀው የእሳት እራቷ ወሬ ነው። ሴፕቴምበር 9 ቀን 1947 ማርክ ሁለት የተባለው መኪና ሥራ አቆመና ሲፈተሽ አንዲት የእሳት እራት በኤሌክትሪክ ማብሪያ ማጥፊያው መካከል ሞታ ተገኘች። ሠራተኞቹ እራቷን በመዝገባቸው ላይ በፕላስተር ለጥፈው እውነተኛ ተባይ ተገኘ ብለው ጻፉ። ብዙ ሰዎች ተባይ የሚለው ቃል ለመኪና ብልሽት መጠሪያ የሆነው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው፣ እራቷንም ያገኘችው ሆፐር ናት ይላሉ። ሁለቱም ልክ አይደለም። ቃሉ ቀደም ሲል በመሐንዲሶች ዘንድ የተለመደ ነበር፤ እራቷንም ያገኙት ሌሎች ናቸው። ሆፐር ታሪኩን አጣፍጣ ታወራው ስለነበር በእርስዋ ስም ቀረ።

ከጦርነቱ በኋላ በሃርቫርድ ለሴት ቋሚ የሥራ መደብ አልነበረም። በ1949 ጊዜያዊ ውሏ ሲያበቃ ከዩኒቨርሲቲው ወጣች። ዕድሜዋ ከ40 አልፏል፤ ትዳሯ ፈርሷል፤ የጦርነቱ ዘመን የሥራ ጫና አድክሟታል፤ መጠጥም ጤናዋን እስኪያናጋ ድረስ አስቸግሯት ነበር። ከዚህ ሁኔታ የወጣችው በወዳጆቿ እርዳታና በሥራ ነው። በዚያው ዓመት በፊላደልፊያ ከተማ ኤከርትና ሞክሊ በሚባሉ ሁለት መሐንዲሶች በተቋቋመ አዲስ ኩባንያ በሒሳብ ባለሙያነት ተቀጠረች። ኩባንያው የሚሠራው ዩኒቫክ የሚባል ለንግድ የሚውል ኮምፒዩተር ሲሆን፣ ገንዘብ አጥሮት ስለነበር በ1950 በሬሚንግተን ራንድ ተገዛ። የመጀመሪያው ዩኒቫክ በ1951 ለአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ መሥሪያ ቤት ተሰጠ።

ሆፐር በ1951 መጨረሻ ላይ የደብተሩን ልማድ ወደ መኪናው የምታሸጋግርበትን ሥራ ጀመረች። ተሞክረው የተረጋገጡትን የፕሮግራም ክፍሎች ሰብስባ በማግኔት ጥብጣብ ላይ አኖረች፤ ለእያንዳንዱም የመጥሪያ ቁጥር ሰጠችው። ፕሮግራም ሠሪው ከእንግዲህ ክፍሎቹን መገልበጥ አያስፈልገውም፤ የሚፈልጋቸውን ክፍሎች ቁጥር በቅደም ተከተል መጻፍ ብቻ ነው። ኮምፒዩተሩ ራሱ ጥብጣቡን ፈትሾ ክፍሎቹን ያወጣል፣ በየተራቸው ይደረድራል፣ አድራሻዎቻቸውን ደምሮ ያስተካክላል፣ አያይዞም አንድ ሙሉ ፕሮግራም አድርጎ ያወጣል። ሆፐር ይህን ሠሪ ፕሮግራም ኮምፓይለር አለችው፤ አጠናቃሪ ወይም አሰባሳቢ ማለት ነው። የመጀመሪያው ኤ-ዜሮ ይባል ነበር።

በሥራው መካከል አንድ እንቆቅልሽ ገጠማት። መኪናው ፕሮግራሙን የሚያዘጋጀው ከመጀመሪያው ወደ መጨረሻው አንድ ጊዜ ብቻ እያለፈ ነው። ወደ ኋላ ተመለስ የሚል ትእዛዝ ቢመጣ ያለፈው ቦታ ስለሚታወቅ ችግር የለውም። ወደ ፊት ዝለል የሚል ትእዛዝ ሲመጣስ? የሚዘለልበት ክፍል ገና ቦታ አልያዘም። ሆፐር መፍትሔውን ያገኘችው በተማሪነቷ ከተጫወተችው የቅርጫት ኳስ ነው። በዘመኑ በነበረው የሴቶች ጨዋታ ደንብ ኳስ ይዞ እንደ ልብ መሮጥ አይቻልም፤ ስለዚህ ተጫዋቿ ኳሱን ለጓደኛዋ ትወረውርና ወደ ቅርጫቱ ሮጣ ከዚያ መልሳ ትቀበላለች። ሆፐርም በኮምፒዩተሩ ማኅደር መጨረሻ ላይ ጥቂት ባዶ ቦታ አስቀረች። ወደ ፊት የሚዘል ትእዛዝ ሁሉ ለጊዜው ወደዚያ ጥግ ይላካል፤ የሚፈለገው ክፍል ቦታውን ሲይዝ ትክክለኛው አድራሻ በጥጉ ላይ ይሞላል። ዝላዩ በጥጉ በኩል አድርጎ ካሰበበት ይደርሳል።

በሜይ 1952 ፒትስበርግ ላይ በተደረገ የባለሙያዎች ስብሰባ ሥራዋን ስለ ኮምፒዩተር ትምህርት በሚል ርእስ በጽሑፍ አቀረበች። ያገኘችው መልስ ቀዝቃዛ ነበር። ኮምፒዩተር ሒሳብ ይሠራል እንጂ ፕሮግራም አይጽፍም የሚለው እምነት ሥር ሰዶ ስለነበር፣ የሚሠራ ነገር በእጇ ይዛ ሳለ የሚሞክርላት አጣች። ከተቃዋሚዎቹ አንዳንዶቹ የሚጨነቁት ለእውነት አልነበረም ማለት ይቻላል። ፕሮግራም መጻፍ ጥቂት አዋቂዎች ብቻ የሚያውቁት ምሥጢር በመሆኑ የሚከበሩበት ነበር፤ ማንም ሰው የሚችለው ሥራ እንዲሆን አይሹም። ዛሬ ያሉ ባለሙያዎች ኤ-ዜሮን ሲመረምሩ አሁን ኮምፓይለር ከሚባለው ይልቅ የተዘጋጁ ክፍሎችን የሚያያይዘውን መሣሪያ ይመስላል ይላሉ። አባባላቸው ትክክል ነው፤ ሆኖም የሁለቱም ሐረግ የሚመዘዘው ከዚያ ነው።

በ1953 ኤ-ሁለት የተባለው የተሻሻለ አጠናቃሪ ሲወጣ ኩባንያው ያደረገው ነገር ልዩ ትኩረት ይገባዋል። ኤ-ሁለት ለደንበኞች የተሰጠው ከነምንጭ ጽሑፉ ነበር። ደንበኞቹ ጽሑፉን አንብበው እንዲያሻሽሉና ያሻሻሉትን መልሰው እንዲልኩ ተጋበዙ። ምንጫቸው ክፍት የሆነ ፕሮግራሞች ታሪክ ሲነገር ይህ ከመጀመሪያዎቹ ምሳሌዎች አንዱ ሆኖ ይጠቀሳል። ከዚያ በኋላ ኩባንያዎች ምንጭ ጽሑፋቸውን እየሸሸጉ መሸጥ ሲለምዱ፣ ሪቻርድ ስቶልማን የሚባል አሜሪካዊ በ1983 ነጻ የፕሮግራም መሣሪያዎችን ለመሥራት መነሣቱን አስታወቀ፤ በ1987ም ጂሲሲ የተባለውን አጠናቃሪ ለሁሉም በነጻ አወጣ።

የሆፐር ዘዴ በእነዚህ መሣሪያዎች ውስጥ እንዴት እንደሚኖር ለመረዳት አንድ ምሳሌ ይበቃል። በዩጋንዳ ዋና ከተማ በካምፓላ፣ በሙቱንጎ ኮረብታ ላይ የሚኖር አንድ ወጣት ለባለ ሱቆች የሚሆን የሒሳብ መዝገብ ፕሮግራም በጠረጴዛ ኮምፒዩተሩ ላይ ሊሠራ ቢነሣ ሥራው በሁለት ይከፈላል። ድምሩንና ቅናሹን የሚያሰላውን ክፍል በፕሮግራም ቋንቋ ይጽፋል፤ ይህን ጂሲሲ ወደ መኪና ቋንቋ ይለውጠዋል። የፕሮግራሙ ፊት፣ ማለትም ምልክቱ፣ የትእዛዝ ዝርዝሩ፣ የመጠይቅ ሳጥኖቹና በእነርሱ ላይ የሚነበቡት ቃላት ግን ሪሶርስ ፋይል በሚባል በሌላ ጽሑፍ ይዘረዘራሉ። ዊንድሬስ የተባለው ነጻ መሣሪያ ይህን ጽሑፍ ያጠናቅራል፤ በመጨረሻም አያያዡ ሁለቱን ወገኖች አገናኝቶ አንድ ፕሮግራም ያደርጋቸዋል።

ሁለቱ ወገኖች የሚተዋወቁት፣ ልክ እንደ ሆፐር ጥብጣብ፣ በቁጥር ነው። ወጣቱ በሪሶርስ ፋይሉ የትእዛዝ ዝርዝሩን 101 ብሎ በፕሮግራሙ ውስጥ 110 ብሎ ቢጠራው አያያዡ ምንም ቅሬታ አያሰማም፤ ፕሮግራሙ ይነሣል፣ ዝርዝሩ ግን አይታይም። የግልበጣ ስሕተት እስከ ዛሬ አልሞተም ማለት ነው። መድኃኒቱ ቁጥሮቹን በአንድ የጋራ ፋይል አንድ ጊዜ ብቻ ጽፎ ሁለቱም ወገኖች ከዚያው እንዲያነቡ ማድረግ ነው። ቃላቱን በግዕዝ ፊደል ለመጻፍ ከፈለገ ደግሞ ጽሑፉ የተቀመጠበትን የፊደል ኮድ ለዊንድሬስ መንገር አለበት፤ ለዩቲኤፍ-8 ቁጥሩ 65001 ነው። ይህን ከዘነጋ በመስኮቱ ላይ የሚወጣው አማርኛ ሳይሆን የማይነበብ ዝብርቅርቅ ነው። በትክክል ከሠራው ግን አንዱ የስሌት ክፍል ሳይነካ ሪሶርስ ፋይሉን ብቻ በመለወጥ ፕሮግራሙን ለአንዱ ሱቅ በሉጋንዳ፣ ለሌላው በአማርኛ ሊያቀርበው ይችላል።

ቋንቋን ከስሌት የመለየቱ ነገር ሆፐርን በ1950ዎቹ ከአለቆቿ ጋር ያጋጫት ጉዳይ ነው። ኮምፒዩተር ወደ ንግድ ቤቶችና ወደ መሥሪያ ቤቶች በገባ ጊዜ የደመወዝና የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኞች የሒሳብ ምልክቶችን እንደማይወዱ አስተዋለች። ስለዚህ ትእዛዝ በተራ ቃላት የሚጻፍበት አጠናቃሪ እንዲሠራ በ1955 ሐሳብ አቀረበች። ኮምፒዩተር የእንግሊዝኛ ቃል አይገባውም ተባለች። እርስዋም ለኮምፒዩተር ቃል የምልክቶች ቅጥ ብቻ መሆኑን ለማሳየት አንድ አጭር ፕሮግራም በእንግሊዝኛ አስነበበች፤ ከዚያ ቃላቱን ብቻ ለውጣ ያንኑ ፕሮግራም በፈረንሳይኛ፣ ቀጥላም በጀርመንኛ አቀረበችው። አለቆቿ ግን ይደነቃሉ ስትል ደነገጡ። በፊላደልፊያ የተሠራ የአሜሪካ መኪና እንዴት ፈረንሳይኛና ጀርመንኛ ሊሰማ ይችላል አሉ። ነገሩ በጣም ስላስፈራቸው ሥራው እንዲፈቀድላት በእንግሊዝኛ ብቻ እንደምትወሰን ቃል መግባት ነበረባት። ከዚህ ጥረት የተገኘው ቋንቋ ፍሎውማቲክ ተባለ።

በ1950ዎቹ መጨረሻ እያንዳንዱ የኮምፒዩተር ኩባንያ የራሱን ቋንቋ ይፈጥር ጀመር። ለአንዱ መኪና የተጻፈ ፕሮግራም በሌላው ላይ ስለማይሠራ ገዢዎች ብዙ ገንዘብ ያባክኑ ነበር። በሜይ 1959 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ የኩባንያዎችና የተጠቃሚዎች ወኪሎች በአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ተሰብስበው ለሁሉም የሚሆን አንድ የንግድ ቋንቋ እንዲዘጋጅ ተስማሙ። የዚህ ቋንቋ ስም ኮቦል ነው። በዲሴምበር 1960 አንድ የኮቦል ፕሮግራም በሁለት ልዩ ልዩ ኩባንያዎች ኮምፒዩተሮች ላይ ተሞክሮ በሁለቱም ሠራ። ሆፐርን የኮቦል እናት ማለት ተለምዷል። ኮቦልን የቀመሩት ግን እንደ ጂን ሳመት ያሉ ብዙ ባለሙያዎች በኮሚቴ ሆነው ነው፤ ሆፐር አማካሪ ነበረች። ውለታዋ ሌላ ነው፤ መነሻ የሆናቸው ፍሎውማቲክ የእርስዋ ነበር፤ ኮሚቴው ከመሰብሰቡ ከብዙ ዓመታት በፊትም ብቻዋን ስትከራከርለት ኖራለች።

በባሕር ኃይል የነበራት የተጠባባቂነት አገልግሎት በዚህ ሁሉ ዘመን አልተቋረጠም። በ1966 መጨረሻ በ60 ዓመቷ በዕድሜ ምክንያት በኮማንደርነት ማዕርግ ጡረታ እንድትወጣ ተደረገ። ማዘኗን አልደበቀችም። ይሁን እንጂ ባሕር ኃይሉ ያለ እርስዋ ብዙ አልገፋም። በየክፍሉ የተበታተኑት የኮቦል ፕሮግራሞች እርስ በርሳቸው አልጣጣም ስላሉ በኦገስት 1967 ለስድስት ወር ብቻ ተብሎ እንደገና ተጠራች። ስድስቱ ወር ወደ 19 ዓመት ተራዘመ። አጠናቃሪዎች ሁሉ በአንድ መለኪያ የሚፈተኑበትን ዘዴ ከባልደረቦቿ ጋር አዘጋጀች። በ1973 ካፒቴን፣ በ1983 ኮሞዶር ሆነች፤ በ1985 የማዕርጉ ስም ሲለወጥ ሪር አድሚራል ተባለች።

በእነዚህ ዓመታት በየትምህርት ቤቱና በየጦር ሠፈሩ እየዞረች ታስተምር ነበር። በመሥሪያ ቤቷ ግድግዳ ላይ ወደ ግራ የሚዞር ሰዓት ሰቅላ ነበር፤ ሰዓቱ ትክክል ይቆጥራል፣ የሚያስቸግረው የተመልካቹ ልማድ ብቻ ነው። ለንግግር ስትሄድ ደግሞ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያላቸው የስልክ ሽቦ ቁራጮችን ይዛ ለአድማጮች ታድል ነበር። ይህ ርዝመት ብርሃን በአንድ ናኖሰኮንድ፣ ማለትም በሰኮንድ አንድ ቢሊዮንኛ ውስጥ የሚሄደው ርቀት ነው። ቀጥላም 300 ሜትር ያህል የሆነ ትልቅ የሽቦ ጥቅል ታሳይና ይህ ደግሞ አንድ ማይክሮሰኮንድ መሆኑን ታስረዳለች። በሳተላይት የሚላክ መልእክት ለምን ይዘገያል ብለው ለሚጠይቋት ጄኔራሎች በእነርሱና በሳተላይቱ መካከል ያሉትን የሽቦ ቁራጮች ብዛት እንዲያስቡ ትነግራቸዋለች። ለፕሮግራም ሠሪዎች ደግሞ አንዲት ማይክሮሰኮንድ ሲያባክኑ ምን ያህል ሽቦ እንደሚጥሉ ታሳያቸው ነበር። ጊዜን በእጅ የሚያዝ ነገር ማድረግ የቻለ መምህር ብዙ አይገኝም።

ኦገስት 14 ቀን 1986 ቦስተን ወደብ ላይ በቆመችው ኮንስቲትዩሽን በተባለች ጥንታዊት የጦር መርከብ ላይ የመሰናበቻ ሥነ ሥርዓት ተደረገላት። ዕድሜዋ 79 ዓመት ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ በባሕር ኃይሉ በሥራ ላይ ከነበሩት መኮንኖች ሁሉ በዕድሜ ትበልጥ ነበር። ከዚያም በኋላ ቤቷ አልተቀመጠችም። ዲጂታል ኢኩዊፕመንት በሚባለው የኮምፒዩተር ኩባንያ በአማካሪነት ተቀጥራ በየስብሰባው መናገሯን ቀጠለች። በ1991 የአሜሪካን ብሔራዊ የቴክኖሎጂ ሜዳሊያ ተሸለመች።

ግሬስ ሆፐር ጃንዋሪ 1 ቀን 1992 በቨርጂኒያ ክፍለ ሀገር በአርሊንግተን በ85 ዓመቷ ከዚህ ዓለም በሞት ተለየች። በአርሊንግተን ብሔራዊ መካነ መቃብር በሙሉ የወታደር ክብር ተቀበረች። በተጠባባቂነት ዘመኗ ሁሉ በየብስ ላይ ስትሠራ የኖረችው መኮንን ስም በ1996 ለአንዲት የጦር መርከብ ተሰጠ፤ መርከቧም በሚቀጥለው ዓመት አገልግሎት ጀመረች።